በፓርቲ የሚታደል ሥራ፣ በገንዘብ የሚገዛ ድምፅ፦ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ሙስና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምንነጋገረው ስለ የትኛው ዘመን ነው?

የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃበት ከ1865 እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ስላለው ጊዜ ነው። የባቡር ሐዲድ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው፣ ፋብሪካ የተስፋፋው፣ ስደተኛ በመርከብ የጎረፈው ያኔ ነው። መንግሥትም አብሮ ሰፋ። በ1871 ወደ 50 ሺህ ገደማ የነበረው የፌዴራል ሠራተኛ በ1881 ወደ 100 ሺህ ደረሰ። ከግማሽ የሚበልጠው ፖስታ ቤት ውስጥ ነበር።

ሙስናው ምን ዓይነት ነበር? ጉቦ ብቻ ነው?

ጉቦማ ነበረ። ዋናው መሣሪያ ግን ሥራ ነው። የመንግሥት ሥራ የሚገኘው በችሎታ ሳይሆን በፓርቲ ነበር። ምርጫውን ያሸነፈ ፓርቲ የተሸናፊውን ሰዎች ጠራርጎ ያስወጣና የራሱን ይተካል። ከገጠር ፖስታ ቤት ኃላፊ እስከ ወደብ ፈታሽ ድረስ እንዲሁ ነው። ልማዱ ሥር የሰደደው ከ1829 ጀምሮ በፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ዘመን ነው። በ1832 የኒው ዮርኩ ሴናተር ዊልያም ማርሲ ምርኮው የድል አድራጊው ነው ብለው ሴኔት ፊት ተናገሩ። ምንም አላፈሩበትም።

ሥራ ያገኘ ሰው ዕዳ ገባ ማለት ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ከደመወዙ ለፓርቲው ያዋጣል። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ከመቶ ይሆናል። ለስሙ በፈቃደኝነት ነው። ያልከፈለ ግን ሥራውን ያጣል። በምርጫው ሰሞን ደግሞ ቢሮውን ትቶ ለፓርቲው ይሯሯጣል። ቤት ለቤት ይዞራል፣ ወረቀት ያድላል፣ ሰው ይቀሰቅሳል።

የዚህ ሁሉ እምብርት የኒው ዮርክ ጉምሩክ ነበር። አገሪቱ ከገቢ ዕቃ የምታገኘው ቀረጥ አብዛኛው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ያን ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ ትልቁ ገቢ ቀረጥ ነበር። ከሺህ የሚበልጥ ሠራተኛ ያለውን ይህን መሥሪያ ቤት ማን ይምራ የሚለው ጉዳይ ፕሬዚዳንትንና ሴናተርን ያናክስ ነበር።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚባለው ዓይነት ነው?

በከፊል ነው። ተረቱ የሚናገረው ስለ ተሿሚው ሆድ ነው። እዚህ ግን ተሿሚው ለራሱ ብቻ አይበላም። ፓርቲው ራሱ የሚኖረው ከእሱ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሐቀኛ ሰው መሾም ብቻውን ምንም አይፈታም። ሐቀኛውም ያዋጣል። ሥራ በፓርቲ ሳይሆን በችሎታ እንዲሰጥ የሚጠይቀው ማሻሻያ ያን ያህል ዓመት የፈጀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሕጉን ማውጣት የነበረባቸው ሰዎች ወንበራቸውን ያገኙት በዚያው መዋጮ ነው።

ቦስ ትዊድ ማን ነው? ስሙ ለምን ይህን ያህል ይነሳል?

ዊልያም ትዊድ ይባላል። በ1823 ኒው ዮርክ ተወለደ። ታማኒ ሆል የሚባለው የኒው ዮርክ ከተማ የዴሞክራቶች ድርጅት አለቃ ሆነ። በ1860ዎቹ መጨረሻ ከተማዋ በእሱና በጥቂት ጓደኞቹ እጅ ወደቀች። የሂሳብ ሹሙ፣ የገንዘብ ኃላፊውና ከንቲባው የእነሱ ሰዎች ነበሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለከተማው ሥራ የሚሠራ ተቋራጭ ሂሳቡን አጋንኖ እንዲያቀርብ ይነገረዋል። ከተማው ይከፍላል። ትርፉ ተመልሶ ለአለቆቹ ይከፋፈላል። በቻምበርስ ጎዳና የተሠራውን የፍርድ ቤት ሕንፃ ተመልከቱ። መጀመሪያ የተያዘለት በጀት 250 ሺህ ዶላር ነበር። በመጨረሻ ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደወጣበት ይገመታል። አሜሪካ በ1867 አላስካን በሙሉ ከሩሲያ የገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንድ አናጢ ለአንድ ወር ሥራ 360,751 ዶላር ተከፍሎታል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሕንፃው ደግሞ እንጨት የሚበዛበት አልነበረም። ለ11 የሙቀት መለኪያ 7,500 ዶላር ወጥቷል። ሕንፃው ዛሬም ከኒው ዮርክ ማዘጋጃ ቤት ጀርባ ቆሟል። የትዊድ ፍርድ ቤት እየተባለ ይጠራል።

የወደቀው በአጋጣሚም በድፍረትም ነው። በጥር 1871 የቡድኑን ሂሳብ የሚይዘው ሰው በበረዶ ላይ ጋሪ አደጋ ሞተ። ያኔ መዝገቦቹ ቡድኑ በማያዛቸው ሰዎች እጅ ገቡ። ተገልብጠውም የቀድሞ ሸሪፍ በነበረው በጄምስ ኦብራየን በኩል ለኒው ዮርክ ታይምስ ደረሱ። ጋዜጣው በሐምሌ 1871 ቁጥሮቹን እንዳሉ አተማቸው። ባለቤቱ ጆርጅ ጆንስ ዝም እንዲል 5 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት ነበር። እምቢ አለ። ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው መጽሔት ሠዓሊ ቶማስ ናስትም ትዊድን በካርቱን ያሳድደው ነበር። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሥዕሉ ይበቃው ነበር። አውሮፓ ሄዶ ሥነ ጥበብ ቢማር ይሻለዋል ተብሎ ለናስትም ገንዘብ ቀረበለት። እሱም እምቢ አለ። እነዚህ ሁለት እምቢታዎች ከዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች ናቸው። ጆንስም ናስትም ቢቀበሉ ኖሮ የሚያውቅባቸው ሰው አልነበረም።

ትዊድ በ1873 ተፈረደበት። በ1875 ከእስር አምልጦ ወደ ኩባ፣ ከዚያ ወደ ስፔን ሸሸ። የስፔን ባለሥልጣናት የለዩት በናስት ካርቱን ነው ይባላል። ተይዞ ተመለሰና በሚያዝያ 1878 ኒው ዮርክ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የተዘረፈው ገንዘብ ግምት ከ30 ሚሊዮን እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን ይመርጣቸው ነበር?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ ታማኒ ማውራት ለድሃው ፍርደ ገምድል መሆን ነው። ከአየርላንድ ረሃብ ሸሽቶ የመጣ ሰው ኒው ዮርክ ሲወርድ የሚቀበለው መንግሥት አልነበረም። ሥራ የሚያገኝለት፣ በክረምት ከሰል የሚያመጣለት፣ ልጁ ሲታሰር ዳኛ ዘንድ የሚሄድለት፣ ቀብር ላይ የሚገኝለት የሰፈሩ የታማኒ ሰው ነው። የዜግነት ወረቀቱንም የሚያስጨርስለት እሱ ነበር። በ1868 ምርጫ ዋዜማ የኒው ዮርክ ዳኞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዜጋ አድርገዋል። በሰው አገር ወረቀት ጥበቃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ውለታ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል። በምላሹ የሚጠየቀው ድምፅ ብቻ ነው።

የማሻሻያው ወገን ደግሞ አብዛኛው የተማረና የተመቸው ሰው ነበር። ስለ ንጹሕ አስተዳደር አጥብቆ ይናገራል። ስለ ከሰሉ ግን ብዙም አይናገርም። ድሃው ሰፈር ውስጥ ቶሎ ሰሚ ያላገኘው አንዱ ለዚህ ነው።

ሌባው ዴሞክራቱ ብቻ ነበር?

በፍጹም። ዋሽንግተንን የያዙት ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ ቅሌቱም በየዓመቱ ይወጣ ነበር። በ1872 የወጣው የክሬዲ ሞቢልየ ጉዳይ አንዱ ነው። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ሰዎች ሐዲዱን የሚሠራ ሌላ ኩባንያ ራሳቸው አቋቋሙ። ለራሳቸው የተጋነነ ሂሳብ እየጠየቁ ራሳቸው ከፈሉ። ገንዘቡ የሚመጣው በመንግሥት ከተደገፈው ኩባንያ ነው። ኦክስ ኤምስ የተባለው የማሳቹሴትስ እንደራሴ ደግሞ አክሲዮኑን ከዋጋው በታች ለኮንግረስ ባልደረቦቹ አከፋፈለ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ስካይለር ኮልፋክስ ሳይቀሩ ስማቸው ተነሳ። ምክር ቤቱ ኤምስን በወቀሳ ብቻ አለፈው።

በ1875 የውስኪው ቀለበት ተጋለጠ። ጠማቂዎችና ግብር ሰብሳቢዎች ተመሳጥረው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የአልኮል ግብር ሰውረዋል። ከመቶ በላይ ሰው ተፈረደበት። በ1876 የጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ቤልክናፕ ከአንድ ምሽግ ንግድ ፈቃድ ጋር በተያያዘ ገንዘብ ሲቀበሉ መኖራቸው ታወቀ። ምክር ቤቱ ሊከሳቸው ደቂቃዎች ሲቀሩት ሥራቸውን ለቀቁ።

እነዚህ ቅሌቶች በዘመናቸው የወጡባቸው ፕሬዚዳንት ግራንት ራሳቸው ሰርቀዋል?

ወደ ኪሳቸው እንዳስገቡ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ጥፋታቸው ወዳጅን አለቅጥ ማመን ነው። የግል ጸሐፊያቸው ኦርቪል ባብኮክ በውስኪው ጉዳይ ሲከሰስ ቃላቸውን ሰጥተው አስጣሉት። ምርመራውን ያካሄዱት የራሳቸው የገንዘብ ሚኒስትር ቤንጃሚን ብሪስቶው ናቸው። ብሪስቶውም በ1876 ከሹመታቸው ለቀቁ።

በደቡብ ጥቁሮች የተሳተፉባቸው መንግሥታት ሙሰኞች ነበሩ የሚባለውስ?

ከጦርነቱ በኋላ በደቡብ በተቋቋሙት መንግሥታት ውስጥ ሙስና ነበር። ከኒው ዮርክ ወይም ከዋሽንግተን የተለየ ግን አልነበረም። ልዩነቱ ውጤቱ ላይ ነው። ትዊድ ሲሰርቅ የነጮች የመምረጥ መብት አልተነጠቀም። በደቡብ ግን ክሱ የጥቁሮችን ድምፅ ለመንጠቅ ሰበብ ሆነ። ብዙ የሰሜን ማሻሻያ ፈላጊዎችም "ንጹሕ መንግሥት" በሚል ስም ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ይቅር ለማለት ይከብደኛል። ጥቁሮቹን ገፍተው ሥልጣን የያዙት ነጭ ዴሞክራቶች የተሻሉ አልነበሩም። የሉዊዚያናው የገንዘብ ሹም ኤድዋርድ በርክ በቦታው 10 ዓመት ከቆየ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የመንግሥት ቦንድ መጉደሉ ሲታወቅ ሆንዱራስ ቀረ።

የፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ግድያ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ገዳዩ ሹመት ፈላጊ ነበር። ቻርልስ ጊቶ ይባላል፤ አእምሮው የተናወጠ ሰው ነው። በ1880 ምርጫ አንድ ንግግር ጽፎ ስላሳተመ ጋርፊልድ ያሸነፉት በእኔ ነው ብሎ አመነ። ውለታው ይከፈለኝ ብሎ የፓሪስ ቆንስላነት ጠየቀ። ዋይት ሐውስና ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደጅ ጸና። ያን ጊዜ ደጅ መጽናት ብርቅ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ቀኑን የሚያሳልፉት ሥራ ፈላጊ ሲያስተናግዱ ነበር። በመጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ ብሌይን ስለ ፓሪስ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ ብለው አባረሩት።

ሐምሌ 2 ቀን 1881 ጊቶ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከኋላ ተኮሰባቸው። ዛሬ በቦታው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከሉ ቆሟል። ዋሽንግተን የምትኖሩ በየጊዜው የምታልፉበት መንገድ ነው። ጥይቱ ወዲያው አልገደላቸውም። ሐኪሞቹ ባልታጠበ እጅ ቁስሉን እየነካኩ አመረቀዙት። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሳይቀር ጥይቱን የሚፈልግ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ አልተሳካም። ከ79 ቀን ስቃይ በኋላ መስከረም 19 አረፉ። ጊቶ በሚቀጥለው ዓመት ተሰቀለ።

ጊቶ ሲያዝ ያለው ነገር አገሩን አስደነገጠ። እኔ ስታልዋርት ነኝ፣ አሁን አርተር ፕሬዚዳንት ይሆናል አለ። ስታልዋርት የሚባሉት ሹመትን በፓርቲ ማደል እንዲቀጥል የሚታገሉት ሪፐብሊካኖች ናቸው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቼስተር አርተርም ከእነሱ ወገን ነበሩ። በዚያ ላይ የኒው ዮርክ ጉምሩክ የቀድሞ ኃላፊ ናቸው። በ1878 ፕሬዚዳንት ሄይስ ከዚያ ቦታ አንስተዋቸዋል።

ታዲያ ሕጉን የፈረሙት አርተር ናቸው?

አዎ። ጥር 16 ቀን 1883 የፔንድልተንን ሕግ ፈረሙ። ስሙን ያገኘው ከኦሃዮው ዴሞክራት ሴናተር ከጆርጅ ፔንድልተን ነው። ሕጉ የተወሰኑ ሥራዎች በውድድር ፈተና ብቻ እንዲሰጡ አዘዘ። ሠራተኛን መዋጮ ማስገደድን ከለከለ። ሦስት አባላት ያሉት የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንም አቋቋመ። ከሦስቱ ከሁለት በላይ ከአንድ ፓርቲ መሆን አይችሉም።

ሐዘኑ ብቻ አይደለም ያሳለፈው። በ1882 የኮንግረስ ምርጫ ሪፐብሊካኖች ክፉኛ ተሸነፉ። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ዴሞክራት እንደሚሆን ፈሩ። ያሉት ሠራተኞች ደግሞ የእነሱ ሰዎች ናቸው። ሕጉ ለእነዚያ ሰዎች ከለላ ሆናቸው። ሴናተር ፔንድልተን ግን የራሳቸው ፓርቲ ተቀየማቸው፤ ወንበራቸውን አጡ።

ሠራ ወይ?

ቀስ ብሎ ሠራ። መጀመሪያ የሸፈነው ከፌዴራል ሥራዎች አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው። እያንዳንዱ ተሰናባች ፕሬዚዳንት የራሱን ሰዎች ለማስጠበቅ ሲል ሽፋኑን እያሰፋው ሄደ። በራስ ጥቅም ምክንያት ሕጉ አደገ ማለት ነው። ከ1889 እስከ 1895 ኮሚሽነር የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በየከተማው ፖስታ ቤት እየገቡ ማጭበርበርን አጋልጠዋል። ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነው በ1903 ሮበርት ስኪነርን አዲስ አበባ ልከው ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ያዋዋሉት እሳቸው ናቸው።

ፈተናው በር የከፈተላቸው ሰዎችም አሉ። በ1883 ሜሪ ሆይት የተባለች ሴት ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፋ ገንዘብ ሚኒስቴር ተቀጠረች። ዘመድም አለቃም የሌላቸው ጥቁር አሜሪካውያንም በዚህ መንገድ ገቡ። ሆኖም በ1913 የፕሬዚዳንት ዊልሰን መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን በዘር ከፋፈለ። በ1914 ደግሞ ከማመልከቻ ጋር ፎቶግራፍ ማያያዝ ግዴታ ሆነ። ፎቶው ለምን እንደተፈለገ ግልጽ ነው።

ድምፅ እንዴት ይገዛ ነበር?

የምርጫ ወረቀቱን የሚያትመው መንግሥት አልነበረም። እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን ያትማል። ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያል። መራጩ ወረቀቱን ከፓርቲው ሰው ተቀብሎ በሰው ፊት ኮሮጆ ውስጥ ይጨምራል። ገዢው ገንዘቡ ባዶ እንዳልቀረ በዓይኑ ያያል። በ1888 የሪፐብሊካን ፓርቲ የገንዘብ ኃላፊ ዊልያም ዱድሊ ለኢንዲያና ሰዎቹ ደብዳቤ ጻፈ ተባለ። ለገበያ የቀረቡትን መራጮች አምስት አምስት አድርጋችሁ ከፋፍሉ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ገንዘብ የያዘ ታማኝ ሰው መድቡ፣ አንድም እንዳያመልጥ ይላል። ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዱድሊ አልጻፍኩም አለ። ቅጣት አላገኘውም።

ምስጢራዊ ምርጫ የመጣው ያኔ ነው?

አዎ፣ ከአውስትራሊያ የተቀዳ አሠራር ነው። መንግሥት የሁሉንም ዕጩዎች ስም በአንድ ወረቀት ያትማል። መራጩ ተከልሎ ምልክት ያደርጋል። ማሳቹሴትስ በ1888 ሕጉን አወጣች። በ1892 አብዛኞቹ ግዛቶች ተከተሏት። ድምፅ መግዛት አስተማማኝ ያልሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ግን ማንበብ የማይችለው ሰው በመጋረጃው ውስጥ ብቻውን ቀረ። በደቡብ ይህ ሆን ተብሎ ተሠራበት። ባርነት ፊደል የከለከላቸው ሰዎች ረዳት እንዳያገኙ ተደረገ። ለመምረጥ የሚከፈል ግብርና የንባብ ፈተና ሲጨመርበት የጥቁሮች ድምፅ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

የሴኔት ወንበር ይገዛ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ሴናተሮችን የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን የየግዛቱ ምክር ቤት ነበር። መቶ የማይሞላ ሰው መግዛት ደግሞ ለባለጸጋ ከባድ አይደለም። በ1899 የሞንታናው የመዳብ ቱጃር ዊልያም ክላርክ ወንበሩን ፈለገ። ፍሬድ ዋይትሳይድ የተባለ የግዛቲቱ ሴናተር ለጉቦ የተሰጠ ነው ያለውን 30 ሺህ ዶላር በፖስታ እንዳለ አውጥቶ በአደባባይ አሳየ። ክላርክ እንዲያም ሆኖ ተመረጠ። የዋሽንግተኑ ሴኔት ሊያባርረው ሲል በ1900 ራሱ ለቀቀ። ገዥው ከግዛቲቱ ሲወጡ ምክትላቸው ያንኑ ክላርክን መልሶ ሾመው። ገዥው ተመልሰው ሹመቱን ሻሩት። በሚቀጥለው ዓመት ግን እንደገና ተመርጦ ገባ። ሕዝቡ ሴናተሩን ራሱ እንዲመርጥ የተደነገገው በ1913 በሕገ መንግሥቱ 17ኛ ማሻሻያ ነው።

ፖሊሱስ?

በ1894 የኒው ዮርክ ፖሊስን የመረመረው የሌክሶው ኮሚቴ ፊት አንድ ሻምበል ማዕረጉን በ15 ሺህ ዶላር እንደገዛ መሰከረ። ገንዘቡን የሚያስመልሰው ከቁማር ቤትና ከሴተኛ አዳሪ ቤት በሚሰበስበው ነው። በዚያ ዓመት ታማኒ በምርጫ ተሸነፈ። በ1897 ተመልሶ ከንቲባነቱን ያዘ።

መዋጮው ሲቀር ፓርቲዎቹ ገንዘብ ከየት አመጡ?

ከትልልቅ ኩባንያዎች። በ1896 ምርጫ የዊልያም ማኪንሊን ዘመቻ የመራው የኦሃዮው ነጋዴ ማርክ ሃና ባንኮችን ከካፒታላቸው እየተመነ አስከፈለ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ተፎካካሪያቸው ዊልያም ብራያን ያገኙት የዚያ ጥቂቱን ነው። ድሮ ከፖስታ ቤት ጸሐፊ የሚቆረጠው አሁን ከባንክና ከነዳጅ ኩባንያ መጣ። የሚከፍለው ሰውም ተለወጠ። ጸሐፊው የሚከፍለው ሥራውን ላለማጣት ነበር። ኩባንያው ግን ስለ ቀረጥና ስለ ሕግ የሚፈልገው ነገር አለው።

በ1907 ኮንግረስ ኩባንያዎች ለፌዴራል ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ያቀረቡት የሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር ቤን ቲልማን ናቸው። የጥቁሮችን የመምረጥ መብት በመንጠቅ የሚኩራሩት እኚሁ ሰው ነበሩ። ሕጉን የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት አልተቋቋመለትም። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ሥራ የጀመረው በ1975፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካወረደው ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ ነው።